ዜሮ መቀመጫ ስላለው ስታዲየማችን

ለሁለተኛ ምድብ ሊግ የስታዲየም ማረጋገጫ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ዋና ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የተከበሩ ቤተሰብዎንና የኮሚቴውን አባላት ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ጤናዎ እንደያዙት ወንበር የማይነቃነቅ፣ ወገብዎም ከረጃጅም ስብሰባዎች ጉዳት የተጠበቀ ይሁንልዎ። እኛ የሳን ኤውሴቢዮ ሰዎች ወንዙ ዘንድሮ ሞልቶ ቤታችን ስላልገባ፣ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። የዚያን ሰው ነገር ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ነገርን ቀስ ብሎ የመድረስን ጥቅም በደንብ ስላስተማረን እርስዎም እንደማይቸኩሉብኝ አምናለሁ።

ስሜ ኔፍታሊ ባራሳ ነው። የምተዳደረው ወንበር በመጠገን ነው፤ የእጅ ጽሑፍህ ይነበባል ተብዬ ደግሞ ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት የእግር ኳስ ክለባችን ጸሐፊ ሆኜ ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር ፈልጌ አይደለም። ቀደም ሲል በፖስታ የላክኋቸው አራቱ ምናልባት መንገድ ላይ ደክሟቸው አርፈው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማደጊያ ሥርዓታችን ግልጽነት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። አሥራ ስድስት ክለቦች ነን፤ እያንዳንዳችን ሠላሳ ጨዋታ እናደርጋለን፤ አንደኛ የወጣው ወደ ላይኛው ምድብ ያድጋል። ሠላሳው ጨዋታ በእግር ከተካሄደ በኋላ ሠላሳ አንደኛው በእስክሪብቶ እንዲካሄድ ኮሚቴዎ መወሰኑን ስንሰማ፣ ኳስ ወዳድ ሕዝብ እንደመሆናችን አንድ ጨዋታ ስለተጨመረልን ቅር አላለንም። ሕጉ የሚያድገው ክለብ ስታዲየም መደገፊያ ያላቸው ቢያንስ ሦስት ሺህ መቀመጫዎች ይኑሩት ይላል። ወንበር እንዳለን ስለምናውቅ አልደነገጥንም።

እዚህ ላይ እርስዎ ከሳን ኤውሴቢዮ ስላልሆኑ ብቻ የማያውቁትን አንድ ነገር ልግለጽልዎ። እኛ ዘንድ ሰው ኳስ ሊያይ ሲሄድ ወንበሩን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል። አያቶቻችን ስታዲየሙን ሲሠሩ ሲሚንቶው ሰፋፊዎቹን ደረጃዎች እንዳዳረሰ አለቀባቸው፤ ከዚያ ወዲህ መቀመጫው የየቤቱ ነው። የጨዋታ ቀን ከቀትር ጀምሮ መንገዱ ወንበር በተሸከመ ሰው ይሞላል፤ ከወንዙ ማዶ የሚመጡትም ወንበራቸውን በጀልባ ይጭናሉ። ወንበሮቹ የፍየል ቆዳ የተወጠረባቸው፣ መደገፊያቸው ከጠንካራ እንጨት የሆነ፣ ከመቀመጫው ሥር የባለቤቱ ስም በጋለ ብረት የተጻፈባቸው ናቸው። ሰርግም ላይ፣ ለቅሶም ላይ የሚሄዱት እነዚሁ ናቸው። ሰው ሲሞት ወንበሩ ዘጠኙን የለቅሶ ቀናት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ በአሥረኛው ቀን ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም የሟቹን ስም ፍቄ የወራሹን እጽፍበታለሁ። በዚህም ምክንያት ከተማችን ውስጥ ማን እንደሞተና ማን እንደቀረ ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ሌላም ልማድ አለን። ክቡር እንግዳ ሊመጣ ሲል ግቢውን ጠርገን፣ የራሳችንን ወንበሮች በሙሉ ከዓይን አርቀን፣ ከሁሉ የተሻለውን አንዱን ብቻ ጥላ ሥር እናስቀምጥለታለን። እኛ ቆመን እናስተናግዳለን። ጥፋታችን ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ስለዚያ አንድ ሰው ልንገርዎ። ኦቶኒየል ሚየር ይባላል፤ ከተማው በሙሉ መምህር ለማለት ፕሮፌ ነው የሚለው። ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት ክለባችንን አሠልጥኗል፤ የልጄ የክርስትና አባት በመሆኑም አበ ልጄ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከሜዳው መስመር አጠገብ የተቀመጠው በዚያው በአንዱ ወንበሩ ላይ ነው፤ ቆዳውን አሥራ አንድ ጊዜ ቀይሬለታለሁ፤ የሚቀደደውም ሁልጊዜ ከተሸነፍን በማግሥቱ ነበር። ፕሮፌ ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ከአንደኛ ምድብ ቡድኖች አንዱ፣ የትኛውም ይሁን፣ በዚህ ወንዝ ዳር በአቧራማው መንገዳችን መጥቶ በእኛ ሜዳ እኛን ሲገጥም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት። ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ ሐኪሙ ልቡ እንደደከመ ነገረውና ሥራውን እንዲተው መከረው። እሱም ለሐኪሙ፣ «ዶክተር፣ እስከ የካቲት ብቻ አቆይልኝ፤ የአንደኛ ምድብ ውድድር የሚጀምረው በየካቲት ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ» አለው። ሚስቱ ዶኛ ፌሊሳ አጠገቡ ነበረች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀን መቁጠሪያ ማየት እንደተወች ነግራኛለች።

በታኅሣሥ፣ እሑድ ቀን፣ የመጨረሻውን ጨዋታ አንድ ለዜሮ አሸንፈን አንደኛ ወጣን። ጎሉ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገባ። ፕሮፌ መነሳት ስለተከለከለ አልተነሳም። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና፣ «ወይ ጉድ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት። እስከዛሬ ከዋሸሁት ሁሉ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ያን ጊዜ መዋሸቴንም አላውቅም ነበር።

መርማሪዎ ኢንጂነር ኡርዳኔታ በማግሥቱ ማክሰኞ እንደሚመጡ የሚገልጸው ደብዳቤዎ ሰኞ ጠዋት ደረሰን። መርማሪ እንደሚላክ አስቀድመን እናውቅ ስለነበር ሕዝቡ ለእሳቸው ብሎ ወንበሮቹን ከእሑድ ጀምሮ እዚያው ደረጃው ላይ ትቷቸው ነበር። ደብዳቤው ግን ስታዲየሙ «ንጹሕና ከአላስፈላጊ ነገሮች የጸዳ ሆኖ እንዲቀርብ» ይላል። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የተረጎምኩትም እኔ ነኝ። የከተማውን ሰው ሰብስቤ፣ «ሰውየው ክቡር እንግዳ ነው፤ ወንበሮቻችንን ወደየቤታችን እንመልስ፣ ሜዳውን እንጥረግ፣ ደረጃውን ኖራ እንቀባ» ብዬ ነገርኩት። በስታዲየሙ በር ላይ ዓሣና ሙዝ የምትጠብሰው ዶኛ ካርሎታ ብቻ ተቃወመችኝ። «ኔፍታሊ፣ ሰውየው ወንበር ሊቆጥር ነው የሚመጣው ወይስ ቤት ሊከራይ? ተዋቸው ባሉበት» አለችኝ። እኔም፣ «ዶኛ ካርሎታ፣ አንቺ ዓሣሽን ጥበሺ፤ ደብዳቤ ማንበብ የእኔ ሥራ ነው» አልኳት። ሰው ሳቀባት። ሁሉም ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እስኪመሽ ጠርገን፣ አጥበን፣ ቀብተን ጨረስን። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጸሐፊ ሆኜ ኖሬ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ተሳስቼ፣ የሕዝቡን ወንበር አላስፈላጊ ነገር አድርጌ ቆጠርኩት።

ማክሰኞ ዕለት ኢንጂነሩ መጡ። ጥላው ሥር ከከተማው ምርጥ የሆነውን ወንበር፣ የፕሮፌን፣ አዘጋጅተንላቸው ነበር። ተቀመጡ። የኮኮናት ውኃ ጠጡ። እኛ እንደ ልማዳችን ቆምን። ደረጃዎቹን ተመልክተው፣ «ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ወንበሩ ላይ ነዋ፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ወንበሩስ የታለ?»

«ቤቱ።»

ፎርማቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው «የመቀመጫ ብዛት፦ ዜሮ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ነገሩ ሲገባን ጊዜው አልፎ ነበር። ሰው ወደየቤቱ ሮጠ፤ ቀድማ የደረሰችው ዶኛ ካርሎታ ወንበሯን ከራሷ ላይ አውርዳ ፊታቸው አቆመችውና፣ «ይኸው፣ አንድ በል» አለቻቸው።

«እናቴ፣ ፈርሜያለሁ» አሉ ኢንጂነሩ።

«ታዲያ ሰርዘው። እኔ ስንቴ የዓሣ ዋጋ ሰርዤ ጽፌያለሁ፣ ምን ሆንኩ?»

ኢንጂነሩ ጀልባ እንዳያመልጣቸው ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ፤ ምርመራው የፈጀው አርባ ደቂቃ ነው። ወንበር የተሸከመ ሕዝብ በሩ ላይ አግኝቷቸው መንገድ ለቀቀላቸው፤ እንግዳ ናቸውና። ክቡር ሆይ፣ መርማሪዎን ልከስ አልፈልግም፤ ያዩትን ነው የጻፉት። ያንን ዜሮ ሲጽፉ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከሁሉ ነገር ይህን ነው ማታ ማታ የማስበው።

ሁለተኛ፣ ቦታችን ባዶ እንዳይቀር አራተኛ የወጣውን ክለብ ስለተካችሁልን ምስጋናዬን ተቀበሉልኝ። እኛን ለመተካት አራተኛ መውጣት እንደሚበቃ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ልጆቹ ያንን ያህል ባልሮጡ፣ ፕሮፌም ያንን ያህል ባልተጨነቀ። ክለቡ አሥራ ሁለት ሺህ የፕላስቲክ መቀመጫዎች ያሉት ስታዲየም እንዳለው ሰምተናል። የመክፈቻውን ጨዋታ በየካቲት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከፕሮፌ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጠን በራዲዮ አዳመጥነው። እሱ በዚያው በወንበሩ ላይ ነበር፤ ዶኛ ፌሊሳ እግሩ ስላበጠ ትራስ ላይ አሳርፋለት ነበር። ተንታኙ ሲናገር ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚናገር ሰው ያስተጋባ ነበር።

«ሰው የለም እንዴ?» አለኝ።

«ሁለት መቶ ምናምን ገብቷል ይላሉ።»

«ምስኪን ወንበሮች» አለ።

ያን ጊዜ መቻል አቃተኝ። ሁለት ወር ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን፣ ወንበሮቹን ወደ ቤት ያስመለስኩት እኔ መሆኔን፣ ቃሉን የተረጎምኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ሰኞ ዕለት በስብሰባው አልነበረም፤ ወንበሮቹ ይነሡ ያለው የእርስዎ ኮሚቴ ራሱ ነው ብሎ ያምናል ብዬ አስብ ነበር። ራዲዮውን ቀነሰው። «አበ ልጅ» አለኝ፣ «አንተ ብቻህን ያስወጣሃቸው መሰለህ? ከስብሰባው ስትወጡ ሰማሁ፤ የመጀመሪያውን ወንበር ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለእንግዳው የራሴን ስጡት ያልኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ሜዳው ግን እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም» አለ። እኔ አለቀስኩ። ዶኛ ፌሊሳም ከወጥ ቤት፣ «ይበቃችኋል ሁለታችሁም፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» ብላ ተቆጣችን።

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ።

ሦስተኛ፣ ወይም ስንተኛ ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከምርመራው በኋላ በፕሮፌ ፊርማ የላክነውን ይግባኛችንን መርምራችሁ መልስ ስለሰጣችሁን ከልብ እናመሰግናለን። መልሱ የደረሰው በለቅሶው በአራተኛው ቀን ሲሆን በስም የተጻፈውም ለእሱ ነበር፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ለፕሮፌ በስሙ የተጻፈለት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ዶኛ ፌሊሳ ማንበብ አልቻለችም፤ እኔ ከለቀስተኛው ፊት አነበብኩላት። «በመዝገቡ የተመለከተው የመቀመጫ ብዛት ዜሮ በመሆኑና ዜሮም በቂ ሆኖ ባለመገኘቱ፣ ቀጣዩ ምርመራ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ ይካሄዳል» ይላል። ዶኛ ፌሊሳ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችውና፣ «ደህና። ቢያንስ ስሙን አልተሳሳቱም» አለች። እኔ አዝኛለሁ፣ ክቡር ሆይ። እስካሁን የቀለድኩትን አይመኑት።

ለቀስተኛው ከቤቱ፣ ከግቢውና ከመንገዱ ተርፎ ሲፈስ ዘጠነኛውን ቀን ወደ ስታዲየሙ አዛወርነው። ማንም አላዘዘም፤ ሁሉም ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ወንበሩን ይዞ መጣ። የወንዙ ማዶ ሰዎች በአሥራ አንድ ጀልባ መጡ። በድሮ ጊዜ ከፕሮፌ ሥር ተጫውተው አሁን ዓሣ የሚያጠምዱ፣ አሁን አውቶቡስ የሚነዱ ሁሉ መጡ። ካህኑ ጸሎቱን ጨርሰው ሲቀመጡ እኔ ሥራ ፈትቼ መቆም ስላልቻልኩ ደረጃ በደረጃ እየወጣሁ መቁጠር ጀመርኩ። ሰዎቹ የምሠራው ነገር ስለገባቸው ሳልጠይቃቸው ተነሥተው ወንበራቸውን እያሳዩኝ፣ «እኔም፣ ኔፍታሊ፣ ይኸውልህ መደገፊያው» ይሉኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ሦስት ሺህ አርባ አንድ መደገፊያ ያላቸው መቀመጫዎች። በማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠው ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ባለቤት ስም ከወንበሩ ሥር እንደተጻፈው፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከእነዚህ አንዱ የፕሮፌ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ከሜዳው መስመር አጠገብ ቆሞ። ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንድናዞረው ነበር፤ ዶኛ ፌሊሳ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ እምቢ አለች። «እሱ በሕይወቱ ለሜዳ ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም፤ አሁን አላስጀምረውም» አለች። በአሥረኛው ቀን ወንበሩን ወደ ሱቄ ይዛው መጣች። ብረቱን አግዬ ነበር። «የማንን ስም ልጻፍበት?» አልኳት። ልጅ አልወለዱም። ወንበሩን ገልብጣ ስሙን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «የማንንም። እንዳለ ወደ ሜዳው መልሰው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጨዋታ በኖረ ቁጥር አውጥቼ ቦታው ላይ አኖረዋለሁ፤ በሥራ ዘመኔ ስም ሳልፍቅበት የመለስኩት የሟች ወንበር ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው። አሳድጉን አልልም፤ የውድድር ዘመኑ ተጀምሯል፤ አራተኛው ክለብም ያለ እኛ እርዳታ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ካሳም አልጠይቅም፤ የእኔን ጥፋትም ለእርስዎ አላሸክምም፤ እሱን ይዤው እኖራለሁ። የምለምንዎ መዝገብዎን ከፍተው «ዜሮ» በሚለው ቃል ላይ መስመር እንዲያሰምሩበትና ከጎኑ «ሦስት ሺህ አርባ አንድ» ብለው እንዲጽፉ ብቻ ነው። ዶኛ ካርሎታ ቃል መሰረዝ እንደሚቻል በተግባር ታሳይዎታለች። የፕሮፌ ስም ባለበት መዝገብ ላይ፣ እሱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለበት ስታዲየም መቀመጫ የሌለው ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። የቀረውን ሁሉ ለእርስዎ ጊዜና ለእግዚአብሔር ትቻለሁ፤ ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም እናያለን።

ከወንዙ ዳር እስከ ዋና ከተማው ድረስ እጅ በመንሣት፣ ለደግነትዎ፣ ለትዕግሥትዎና ለኮሚቴዎ የማይነቃነቁ ወንበሮች ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ትእዛዝዎን ቆሜ የምጠብቅ፣

ኔፍታሊ ባራሳ
የወንበር ጠጋኝ፣ የክለቡ ጸሐፊ
ሳን ኤውሴቢዮ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤዬ ልብዎን ነክቶት አንድ ቀን ጨዋታ ለማየት እኛ ዘንድ ብቅ ካሉ በደስታ እንቀበልዎታለን፤ ወንበርዎን ግን ከቤትዎ ይዘው ይምጡ፤ ከእንግዲህ ለእንግዳ ብለን ወንበራችንን አናነሣም። ሲደርሱ ከመስመሩ አጠገብ፣ ጥላው ሥር፣ ቆዳው አዲስ የሆነ አንድ ባዶ ወንበር ያያሉ። ኢንጂነርዎ ተቀምጠውበታል፤ ምቹ መሆኑንም ይመሰክራሉ። እባክዎ አይቀመጡበት፤ ሰው አለው።